ስለ ሦስተኛው ፎቅ መብራቶች፣ ለልብስ ስፌት ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ከሱቄ መዝገብ፣ ረቡዕ፣ መጋቢት 12። እስከ ረፋድ የተሸጠ፦ አምፖል፣ ጥቂት ሽቦ፣ አንድ የግድግዳ ሶኬት። ያልተሸጠ፦ የድርጅትዎ የጥገና ሠራተኛ የጠየቀው ፊውዝ። ባለፈው ሳምንት ከወሰደው የሚወፍር ፈለገ፤ ያም ቢሆን ከዚያ በፊት ከወሰደው የወፈረ ነበር። መደርደሪያዬ ሙሉ ሆኖ ሳለ የለም አልኩት።

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቦርድ አባላትዎ በሙሉ ጤና እንዲሆኑ፣ አሳንሰሩም ያለ መቆራረጥ እስከ ቢሮዎ እንዲያደርስዎ ያለኝን ልባዊ ምኞት አቀርባለሁ። እኔ ከአዲሱ ሕንፃዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ታናሽ እህቴ በሦስተኛው ፎቅ ከሚሰፉት መስማት የተሳናቸው ሴቶች አንዷ ናት። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ደጋግሜ ብጽፍም የደረሰኝ መልስ ሁሉ ድርጅቱ ለብዝኃነትና ለአካታችነት ያለውን ጽኑ አቋም የሚያበስር ብቻ ስለሆነ፣ ይህንን አቋም ሌላውም ሕዝብ እንዲያውቅልዎ በማሰብ የአሁኑን ደብዳቤ ለሁሉም ግልጽ አድርጌዋለሁ።

እርስዎ ሊሉት የሚችሉትን እኔው ልቅደምና ልበል፦ የማስጠንቀቂያ መብራት እሸጣለሁ፤ ለዚህ ሕንፃም ዋጋ ካቀረቡት ነጋዴዎች አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ መብራቱን ደስ ካለዎት ሰው ይግዙ። ከተፎካካሪዬ ቢገዙ እኔው ራሴ መሰላል አበድራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አካታችነት ኮሚቴዎ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው የተቋቋመው የሕንፃው በጀት ጸድቆ፣ ኮንክሪቱ ፈስሶና ደርቆ ካበቃ በኋላ በመሆኑ በአባላቱና በመሐንዲሶቹ መካከል አንዳች አለመግባባት አልተፈጠረም፤ የመጋረጃውን ቀለም በሙሉ ድምፅ መርጠዋል። በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ለሦስተኛው ፎቅ ብልጭ ድርግም የሚሉ የእሳት ማስጠንቀቂያ መብራቶች ነበሩ። እነሱ የተመዘገቡት «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ስለሆነ፣ ገንዘብ ሲያጥር ልዩ ልዩው አብሮ ተሰረዘ። በሕንፃው ግንባር ላይ «ሁላችንም አንድ ቤት» የሚሉት ፊደላት ግን ከመቀስ ተርፈው ምሽቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ይላሉ። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያው በሚገባ ደርሶታል፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ላሉት ግን አይታይም።

ሁለተኛ፣ ይህ ትንሽ ማብራሪያ ስለሚሻ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ሴቶቹ በቆርቆሮው አሮጌ አዳራሽ በነበሩበት ጊዜ ከበሩ አጠገብ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች። የስፌት አለቃቸው፣ በዚህችው ማብሪያ ማጥፊያ ምክንያት ሰፈሩ «እትዬ ብልጭታ» የሚላቸው ሴት፣ መብራቱን አንድ ጊዜ ካጠፉ «እዩኝ» ማለታቸው ነው፤ ደጋግመው ካጠፉ ደግሞ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይወጣል። በዚህ ደንብ ለዓመታት ኖረዋል። አዲሱ ሕንፃ ግን ዘመናዊ ስለሆነ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ መብራቱ እንቅስቃሴ ሲያይ ይበራል፣ ሳያይ ሲቀር ይጠፋል። የምትሰፋ ሴት የምታንቀሳቅሰው ጣቶቿን ስለሆነ ጣሪያው ሰው የለም ብሎ በየጊዜው ያጠፋባቸዋል፤ እነሱም ካሉበት ሳይነሡ እጃቸውን ወደ ላይ ያወዛውዛሉ፤ ይበራል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። እህቴ በእጇ ስትነግረኝ «እኛ አንሰማም፣ ጣሪያው አያይም፤ ጥሩ ተገናኘን» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቀድሞ «ውጡ» ይል የነበረው መብራት አሁን «እጅሽን አውጪና ሥራሽን ቀጥዪ» እንደሚል ገብቶኛል።

ሦስተኛ፣ የእሳት አደጋ ልምምዱን በተመለከተ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደወሉ ሲጮህ በሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሌላው ፎቅ ሁሉ ወርዶ በግቢው ተሰለፈ። በዚያ ሰዓት ታች የነበሩት እትዬ ብልጭታ ሴቶቹን ከሰልፉ ቢያጡ፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ወደ ላይ ተመልሰው፣ ሌላ መላ ስላልነበራቸው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ሣጥን ከፍተው የፎቁን መብራት ደጋግመው አጠፉ፣ አበሩ። ሴቶቹም ሕንፃው ያስተማራቸውን አደረጉ፦ እንደተቀመጡ እጃቸውን ወደ ጣሪያው አንሥተው አወዛወዙ። ልምምዱን ሊቀርጽ በዚያ የነበረው ፎቶ አንሺዎ፣ በምልክት ቋንቋ እጅ ማወዛወዝ ጭብጨባ መሆኑን ከኮሚቴው ሥልጠና ተምሮ ኖሮ፣ በደስታ አነሣቸው። ፎቶው ዛሬ ለባለሀብቶች በሚታደለው መጽሔትዎ ሽፋን ላይ «ሠራተኞቻችን በአዲሱ ቤታቸው ደስታቸውን ሲገልጹ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ወጥቷል። ከበሩ እጅግ ርቃ፣ ከመጨረሻው ማሽን ላይ እጇን ከሁሉም ከፍ አድርጋ የምትታየው እህቴ ናት። በሪፖርቱ ልምምዱ የተሳካ ተብሏል፤ ከመቀመጫቸው ያልተነሡትም ስለ ሥራ ትጋታቸው የምስጋና ቃል ተጽፎላቸዋል።

አራተኛ አቤቱታ የለኝም፤ ያለኝ ሽታ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ከሴቶቹ ሥር በሁለተኛው ፎቅ ያሉት የእንፋሎት ካውያዎች ሁሉ አብረው ሲግሉ፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። መጀመሪያ የራሴን ሱቅ ጥግ በጥግ ፈተሽኩ፤ ከእኔ አይደለም። የጥገና ሠራተኛዎን ብጠይቀው «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ አለቃዬ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ሥራ አይቁም ነው የሚለኝ፤ ወፍራም ስጠኝና ልሂድ» አለኝ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ የሚቃጠል ፊውዝ የተበላሸ ዕቃ አይደለም፤ ችግር አለ ብሎ የሚጮህ ነው። ወፍራም ማስገባት አፉን መለጎም ነው። እንግዲህ ደወሉን አይሰሙትም፣ መብራቱን አያምኑትም፣ ፊውዙም ዝም እንዲል እየተደረገ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ እንደሚጨመር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ከሌሊት ፈረቃው በፊት ማስጠንቀቂያ መብራቶቹ እንዲተከሉ፣ የካውያዎቹ መስመር እንዲመረመር፣ ለእትዬ ብልጭታም ከበሩ አጠገብ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ እንዲደረግላቸው እለምናለሁ። ይህ ለኮሚቴው የማይመጥን ተራ ጥያቄ ከሆነ ለመጋረጃው ከተመደበው ይታሰብ።

ሕንፃዎን በየማለዳው ሱቁን ሲከፍት የሚያይ፣ በየምሽቱም ሲዘጋ ቆጥሮ እንደሚረከብ ዘበኛ ቀና ብሎ ሦስተኛውን ፎቅ የሚመለከት፣ ቆሞ እንደሚያገኘው ተስፋ የሚያደርግ፣

በታላቅ አክብሮት፣
የመንገድ ማዶ ጎረቤትዎ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሴቶቹ መላ ቢያጡ በጠረጴዛዎቹ ሥር፣ ከማሽን ወደ ማሽን፣ በየቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ የሚያልፍ ገመድ ዘርግተው ነበር፤ ጭስ ያየች ትስበዋለች፣ ሌሎቹም ይነሣሉ። የጽዳት ተቆጣጣሪዎ ከፊታችን ዓርብ የሕንፃው ምረቃ በፊት ፎቁ እንዲያምር ብሎ ሰብስቦ ወሰደው። እህቴ ትናንት በዋናው በር ስትገባ አገኘችው፤ በራሷ ቋጠሮዎች ለየችው። «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» የሚለውን የምረቃ ሰንደቅ ያሰሩበት በእሱ ነው። ጠንካራ ገመድ ስለሆነ ነፋስ አይጥለውምና ስለ ሰንደቁ አይስጉ።

የነገ ሥራ፦ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ገመድ ነጋዴው ዘንድ መሄድ። ከበሩ እስከ መጨረሻው ማሽን የሚደርስ፣ የማይበጠስ፣ የተቆጣጣሪውን ዓይን እንዳያስቀይም የወለሉን ቀለም የሚመስል ግራጫ።