ስለ ጡሩምባው ጡረታ ለእድራችን ሊቀመንበር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ተክለማርያም
የምንጭ ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ቀራንዮ

ክቡር ሆይ፦ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የተከበረው ኮሚቴዎ፣ እንዲሁም በእኔ ቦታ የተተካው ስልክ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሥራ ስለሌለኝ እግሬ እንኳ ማበጡን ትቷል።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ የነበርኩት ወዬሳ ሁንዴ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ባረፈ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ስነፋ፣ ድምፁ በአንድ በኩል ቤቴል፣ በሌላ በኩል ሳንሱሲ ድረስ ይሰማ ነበር። ሳንሱሲን ምናልባት ትንሽ ጨምሬው ይሆናል፤ ቤቴልንም ቢሆን ነፋስ ሲያግዘኝ ነው፤ የወፍጮ ቤቱን መታጠፊያ ማለፉን ግን የማይመሰክር ጎረቤት የለም።

ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌ በድንኳን ማስቀመጫው በር ላይ የለጠፍኩት፣ በመጪው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የጡሩምባ ነፊነት ቦታ ጨርሶ እንዲሰረዝ ኮሚቴዎ ሐሳብ ሊያቀርብ መሆኑን ስለሰማሁ ነው። ከመሰረዜ በፊት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ በተራ ቁጥር መጻፍ የተማርኩት ዘንድሮ ስለሆነ እጄን ይበላኛል።

፩ኛ) ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በጉባኤ ፊት ተነስተው «ወዬሳ፣ ዘመኑ ተለውጧል፤ ከእንግዲህ ለፋፊያችን የተጻፈ አንብቦ የሚለፍፍ መሆን አለበት» ሲሉኝ፣ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ስም ከነአማቾቻቸው፣ የውሾቻቸውንም ጠባይ ጭምር በቃሌ የማውቀው ሰው፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ ደብተር ገዝቼ የማታ ትምህርት ገባሁ። ለልጆች በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ፤ ከክፍሉም አንደኛ ወጣሁ። ዘጠኝ ነበርን፣ አራቱ አቋርጠዋል፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። የምስክር ወረቀቴን በፕላስቲክ አስለብሼ ቢሮዎ በመጣሁበት ዕለት፣ ገና ወንበር ሳልስብ፣ እድሩ በቴሌግራም መለፈፍ መጀመሩን በታላቅ ደስታ አበሰሩኝ። ወረቀቴንም አይተው «ጎበዝ» ብለውኛል፤ አልረሳውም።

፪ኛ) ስለ አዲሷ የኮሚቴ ጸሐፊ ስለ ወይዘሪት ሄቨንም አመሰግናለሁ። ልጅቷ ቀን ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ሰው ሲሞት ደግሞ የራስ ሻሿን ሳትፈታ፣ ከብርድ ልብሷም ሳትወጣ፣ እኔ ጭቃ እየረገጥኩ በሁለት ሰዓት የማዳርሰውን ሰፈር በአንድ አውራ ጣት ታዳርሰዋለች። ማሽኑም ብልህ ነው፤ የየአባሉን ስም ራሱ ከመዝገብ እያወጣ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ምስጋናው ይዘንባል፤ «ተባረኪ ሄቨንዬ»፣ «ክፉ አይንካሽ»፣ የተገጠሙ እጆች፣ የጽጌረዳ ሥዕል። ሟቹ ሌላ፣ አበባ የሚላክላት እሷ። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያገኘሁት መልስ ቢኖር ከመስኮት «ደግሞ ማን ሞተ?» የሚል ነው፤ አንድ ጊዜም ነጠላ ጫማ ተወርውሮብኛል፤ ያውም ግራውን ብቻ። እሷ «የመረጃ ክፍል ኃላፊ» ትባላለች፤ እኔ «ጡሩምባው» እባል ነበር። ይህ ቅናት ነው የሚል አባል ካለ በከንቱ አይድከም፤ ቅናት ነው። ምሳ እንኳ በልቼ አልጠግብ ብያለሁ።

፫ኛ) እማማ ቦንቱን ስላሳረፉልኝ አመሰግናለሁ። እማማ ቦንቱ ስልክ የላቸውም፤ ከአማርኛውም ኦሮምኛው ይቀርባቸዋል። በእሳቸው በር ሳልፍ በኦሮምኛ እለፍፍ ነበር፤ እሳቸውም በሩን ገርበብ አድርገው የሟቹን ዘመድ አዝማድ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ካልጨረሱ አይለቁኝም። አሁን ሰው መቀበሩን የሚያውቁት ለቀስተኛው ተመልሶ በደጃቸው ሲያልፍ ነው። ኮሚቴው ጉዳዩን እያጠናው መሆኑን ነግረውናል። ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም እንዳይሞት ለአባላት ማሳሰቢያ ቢላክ መልካም ይመስለኛል።

፬ኛ) ከሁሉ በላይ ስለ አቶ ሰብስቤ ቀብር አመሰግናለሁ። አቶ ሰብስቤ በስብሰባ ማርፈድ የታወቁ፣ ሌላ ነውር ያልነበረባቸው ሰው ነበሩ። ባለፈው ወር ያረፉ ዕለት ድንኳን ልንተክል ገብተን ሳለ፣ አስከሬናቸው ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ከበሩ ኋላ በተሰቀለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰርኬ አውጥተው «እስቲ አንብብልኝ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ክቡር ሆይ፣ ከተማርኩ ወዲህ በሰው ፊት ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን እንደ ድሮው ከፍ አድርጌ አነበብኩት፦ «ውድ አባላችን አቶ ሰብስቤ፤ አባላችን አቶ ሰብስቤ ስላረፉ ነገ በስድስት ሰዓት በቀብሩ ላይ እንዲገኙ እናሳስባለን። በማይገኙ አባላት ላይ በደንቡ መሠረት ቅጣት ይጣላል።»

ወይዘሮ ሰርኬ ወደ ባላቸው ዞረው «ሰማህ አይደል፣ እንደ ልማድህ እንዳታረፍድ» አሉና እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ፤ ለቀስተኛውም እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ወዬሳ፣ ምነው ጡሩምባህ ሳይሰማ? ያለ እሱ እኮ ሰብስቤ የሞተ አልመስልሽ አለኝ» አሉኝ። አቶ ሰብስቤ በማግስቱ ልክ በስድስት ሰዓት ተገኝተዋል፤ ይህም በመዝገብ ይያዝላቸው።

እንግዲህ የምለምነው ትንሽ ነው። እሑድ ቦታውን አይሰርዙት። ሄቨን መልእክቷን ትላክ፤ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ተነስቼ ስልክ የሌለውንና ስልኩን የዘጋውን ላዳርስ። እሱም ካልሆነ መልእክቱን እኔ ልጻፈው፤ ቢያንስ ሟቹን ለይቼ አውቀዋለሁ። ዘመኑ ተለውጧል ካሉ እኔም ተለውጫለሁ፤ ማስረጃው በሩ ላይ ተለጥፎልዎታል።

ለሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ አባላት፣ ለድንኳኑ፣ ለድስቶቹና ለተሰበሩት ወንበሮች ሁሉ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ አውራ ጣቴን ቀለም መንከር ትቼ በእስክሪብቶ የፈረምኩ፣

ወዬሳ ሁንዴ
የቀድሞ ጡሩምባ ነፊ፣ የአሁን ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ መምህራችን «በአፍ የተወራ ውሸት ነፋስ ይወስደዋል፣ የተጻፈ ግን ተቀምጦ ይጠብቃችኋል» ትለን ነበርና አንድ ነገር ላርም። በአቶ ሰብስቤ ስልክ የመጣው መልእክት ቃል በቃል እውነት ነው፤ ወይዘሮ ሰርኬ እንዳታረፍድ ማለታቸውም፣ መሳቃቸውም እውነት ነው። የጨመርኩት የጡሩምባዬን ብቻ ነው። ስለ ጡሩምባዬ አልጠየቁኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ሦስቱንም ቀን በድንኳኑ መግቢያ ላይ ተቀምጬ ሰው በገባ ቁጥር ቀና እያልኩ ጠብቄ ነበር። እርስዎም ሁለት ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ የጠየቁኝ ግን ቻርጀር ይዤ እንደሆነ ነው።