ከማተብህ ጋር ያሰርከው ቁልፍ

ለባሌ ለግርማ፤

ደብዳቤ እንደምን ሰነበትክ ተብሎ ይጀመራል። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ከተለያየን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም፤ ምክንያቱንም ታውቀዋለህ። ተቀይሜህ ነበር። በሞተ ሰው አይቀየሙም ይላሉ፤ እኔ ግን ተቀይሜህ ኖርኩ። አሁን የምጽፍልህ ማክሰኞ ዕለት ያየሁትን ስላየሁ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እኔ የምኖረው ከሱዳን ሳልወጣ ገዳሪፍ ነው፤ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አርባህን እዚያው አንድ ድስት ፉል ቀቅዬ ለጎረቤት አበላሁ፤ ተዝካር ከተባለ፣ ከዚያ በላይ አቅሙ አልነበረኝም። ባለፈው ሳምንት አሠሪያችን የነበሩት ዶክተሩ ከካይሮ ደወሉልኝ። በጦርነቱ ጊዜ በየግቢው የተቀበሩትን ሰዎች እያወጡ ወደ መቃብር ቦታ እየወሰዱ ነው፣ የኛም ሰፈር ተራ ደርሷል፣ ድረሺ አሉኝ። እኔም አንድ ፌስታል ልብስ ይዤ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

የካርቱሟ ሰፈራችን ቡሪ እንደተውካት አይደለችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንተ መኪና እየነዳህ፣ እኔ ቤት እየጠረግሁ የኖርንበት የዶክተሩ ግቢ በርና መስኮት የለውም። ሽቦውን ከግድግዳው ውስጥ ሳይቀር ፈልቅቀው ወስደውታል። ከኛ ክፍል አልጋው፣ ድስቱ፣ ያቺ አንድ እግሯ አጭር የሆነች ወንበር እንኳ አልቀረችም፤ እሷን ወስዶ ማን እንደሚቀመጥባት እንጃ። ከሰው ደግሞ የቀሩት የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ዓም ማለትም አጎቴ እያልን የምንጠራቸው ዓም ዑስማን ብቻ ናቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ጠበቁኝ።

እሷ ግን አለች። ጣውንቴ እያልኩ የምጠራት የዶክተሩ መኪና። አራቱንም ጎማዋን ነቅለው በጡብ ላይ አስቀምጠዋታል፣ መብራቶቿን አውልቀዋል፣ የጨርቅ ጣሪያዋ በፀሐይ ተበጣጥሶ ወንበሮቹ ላይ ተንጠልጥሏል። አፍንጫዋ ወደ አንተ መቃብር እንደዞረ ነው። ሁሉም ነገር ሲሄድ እሷ ለምን እንደቀረች ዓም ዑስማንን ጠየቅኋቸው። ቁልፍ አጡ፣ በየቀኑ እየመጡ ታግለው ታግለው ተዉአት አሉኝ። ቁልፍ የሚለውን ቃል ስሰማ የድሮው ንዴቴ ተነሣብኝ።

ያቺ መኪና ስትመጣ ትዝ ይልሃል? ከትልልቆቹ የሀብታም መኪኖች የምታንስ፣ ከተራዎቹ የምትበልጥ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ሱዳኖቹ ሺታ በሚሉት በብርዱ ወራት ካልሆነ ጣሪያዋ አይከፈትም፤ በሙቀቱማ መሪዋ ራሱ እጅ ይልጣል። ባትሪዋ እንዳይሞት ዓርብ ዓርብ ጠዋት አስነሥተህ ዞር ዞር ታደርጋት ነበር። አንድ ዓርብ ዶክተሩን አስፈቅደህ እኔን ከጎንህ አስቀመጥከኝ። በጣትህ አንዲት ነገር ስትጫን ጣሪያው ከላያችን ተነሣና ተጣጥፎ ከኋላ ገባ። ወርጄ የዕቃ መጫኛዋን ባየው ጣሪያው ሞልቶት ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እንኳ አይይዝም። ይህችን ነው እንግዲህ መኪና የምትሏት ብዬ ሳቅሁብህ።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ግን አፌን ያዝኩ። ስትነሣ ከባድ ነበረች፤ ለመንደርደር ትንሽ ታስባለች። ከተነሣች ወዲያ ግን ያለ ጩኸት ትገሰግሳለች፣ ኩርባ ላይም አታጋድልም። የፊት መስታወቷ ነፋሱን ከላያችን ስለሚያሳልፈው እንደ ልባችን እናወራ ነበር። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ሰይጣን አሳሳተህና ጨመርክ፤ ነፋሱ ከኋላ ዞሮ መጣና ነጠላዬን ይዞት በረረ። አቁመህ፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ መሀል መንገድ ላይ ነጠላ ስታባርር ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ወደ ሰፈር ስንመለስ ደግሞ የተቆፋፈረው መንገድ ላይ መሪው በእጅህ፣ መስታወቱ በፊቴ ይርገበገብ ጀመር። ተሰበረች ብዬ ስደነግጥ፣ ጣሪያ የሌለው ነገር እንዲህ ነው፣ አካሉን የሚያያይዝለት የለም አልከኝ። ይህች ለመንሸራሸር እንጂ ለመሮጥ አልተሠራችም፣ ሲቸኩሉባት ትቀየማለችም አልከኝ። ስለ እኔ እንደዚያ አሳምረህ አውርተህ አታውቅም።

ጦርነቱ መጣ። ዶክተሩ ቤተሰባቸውን በትልቁ መኪና ይዘው ወደ ግብፅ ሲወጡ የእሷን ቁልፍ በእጅህ አስይዘው አማና አሉህ። አማና ማለት አደራ ነው፤ አንተ ደግሞ በአደራ ቀልድ አታውቅም። ቁልፉን ከክፍላችን በር ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀልከው። ከዚያ መብራቱ ጠፋ፣ ፋርማሲው ተዘጋ፣ የስኳር መርፌህ አለቀ። መዳኒ መድኃኒት አለ ይባል ነበር፤ መዳኒ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መኪናዋ ቆማለች፣ ቁልፉ ተሰቅሏል፣ አንተ ደግሞ ትከሳለህ። ተንበርክኬ ለመንኩህ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ብለህ ተረትክብኝ። የሰው ዕቃ ነው፣ አልነካም አልክ።

የመጨረሻውን ጠዋት ልጻፈው እንጂ፣ ከማን እደብቀዋለሁ። መነሣት አቅቶህ ተኝተህ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሜ ጠየቅሁህ፣ አንተም ራስህን ነቀነቅህ። ውሃ ልቀዳ ጀሪካኑን አነሣሁና ከበሩ ሳልወጣ እንግዲያው መኪናህ ትቅበርህ አልኩህ። ከአፌ የወጣ የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ብዙ ሰዓት ተሰልፌ ውሃውን ይዤ ስመለስ ዓም ዑስማን በር ላይ ቆመው እጃቸውን ያፍተለትላሉ። ሞተህ ነበር፤ ተኩሱ ከኛ ሁለት መንገድ ብቻ አልፎ ይሰማ ነበርና እኔን ሳይጠብቁ በባልዲ ውሃ አጥበው፣ በራሳቸው አንሶላ ገንዘውሃል። መቃብር ቦታ መሄድ አይታሰብም። ከግቢው ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት አፈር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከኒም ዛፉ ሥር፣ በመኪናዋ አፍንጫና በውጭው በር መካከል። እንዳልኩት ሆነ፤ መኪናህ ፊት ተቀበርክ።

አፈሩን መልሰን ወደ ክፍላችን ስገባ ሚስማሩ ባዶ ነው። ፍራሹን ገለበጥኩ፣ የዱቄቱን ጣሳ ደፋሁ፣ የለም። ከመሞትህ በፊት ከሚስትህ ደበቅከው አልኩ። ሞተህ እንኳ ለመኪናዋ ታደላለህ አልኩ። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር በእግሬ ወጣሁ፤ ያን ሁሉ መንገድ ስረግምህ ነበር የሄድኩት፤ ይቅር በለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ነጭ ልብስና ጭምብል ያደረጉ ሰዎች መጡ። ስምህን ጠየቁኝ፣ ሃይማኖትህን ጠየቁኝ፣ ጻፉ። ራቅ ብለሽ ቁሚ ቢሉኝም አልራቅሁም፤ የመኪናዋን አፍንጫ ይዤ ቆምኩ። ሲቆፍሩ ብዙም አልራቁ፤ ያን ዕለት በጥድፊያ ነበር የቆፈርነው። አንዱ ሰው በጓንት እጁ አንድ ነገር ከፍ አድርጎ ይህን ታውቂዋለሽ አለኝ። የማተብህ ክር ነው። አፈር ቢመስልም ቋጠሮው የእኔ ነው፤ እኔ ራሴ ነበርኩ የቋጠርኩልህ። ከመስቀልህ ጎን ደግሞ፣ በዚያው ክር ታስሮ፣ ጥቁሩ የመኪና ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ግርሜ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር የፈለግሁት ቁልፍ ከአንተ ጋር አፈር ለብሶ ተኝቶ ነበር። ዓም ዑስማን ከእኔ ይበልጥ ደነገጡ። "ወላሂ ያ ዘይነብ፣ ሳጥበው አንገቱ ላይ አይቼዋለሁ" አሉኝ፤ ዘነበች ማለት መቼም አልሆነላቸውም። "መስቀሉና ቁልፉ ባንድ ክር ታስረዋል። የሃይማኖታችሁ ነገር መስሎኝ አልነካሁትም። የጀነት በር መክፈቻ ነው ብዬ ነው።" ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እንባዬም አብሮ መጣ። ጭምብል ያደረጉት ሰዎች አበደች ብለው ውሃ አመጡልኝ።

ስልክ አውጥቼ ለዶክተሩ ደወልኩ። አደራዎ እንዳልጠፋ፣ ግርማ መቃብር ድረስ ይዞልዎት እንደሄደ ልነግራቸው፣ ልኮራባቸውም ነበር። እሳቸው ግን በጦርነቱ በመጀመሪያው ወር ደውዬለት ነበር አሉኝ። አማናውን ተወው፣ ዘይነብን ይዘህ በመኪናዋ ውጣ ብዬዋለሁ፣ እሱም ሐዲር፣ እሺ ጌታዬ ብሎኛል አሉ። ለምን አልወጣችሁም ብለው እኔኑ ጠየቁኝ።

ፈቃድ ነበረህ። ያን ሁሉ ቀን ስለምንህ፣ አደራ እያልክ ስትተርትብኝ፣ ፈቃድ ነበረህ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ ዓም ዑስማን ግን አይተው አንገታቸውን ደፉ። ከዘራቸውን መሬት ላይ አስተኝተው ከጎኔ ተቀመጡ፣ ሁለት ዓመት የያዙትንም አወጡት።

ዶክተሩ የደወሉልህ ዕለት ዓም ዑስማን ጋ ሄደህ የመዳኒ መንገድ እንዴት ነው ብለህ ጠይቀሃል። እሳቸውም በእህታቸው ልጅ ላይ የደረሰውን ነገሩህ። በጥሩ መኪና ከሚስቱ ጋር ወጣ፣ መንገድ ላይ አስቆሙት፣ መኪናውን ወሰዱ፣ እሱን ገደሉት፣ ሚስቱን ይዘዋት ሄዱ። ያንተ መኪና ደግሞ ከሩቅ ዘራፊ የምትጠራ፣ ጣሪያዋ በቢላ የሚቀደድ ናት አሉህ። አንተም ለእሷ አትንገሩብኝ አልካቸው። ዘኒ ከፈራች እግሯ ይተሳሰራል፣ ከተናደደች ግን የትም ትደርሳለች፣ ትናደድብኝ ብለሃቸዋል።

አወቅኸኝ። እውነትህን ነው፣ በንዴት ነው ገዳሪፍ የደረስኩት። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ባገኘው ኖሮ የሚነዳልኝ ሰው አላጣም ነበር፤ በዚያው ቀን በዚያችው መኪና እወጣ ነበር። እኔ ውሃ ስቀዳ፣ መነሣት ያቃተህ ሰው እንዴት ተነሥተህ ከበሩ ጀርባ እንደደረስክ፣ እንዴትስ በዚያ በደከመ እጅህ እንደቋጠርከው እስካሁን አስባለሁ። መኪናህ ትቅበርህ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አንተ ደግሞ ያን ሰምተህ ነው ለእኔ ብለህ የተነሣኸው። ይህን ይዤ እንዴት እንደምኖር ገና አላወቅሁም።

ማክሰኞውኑ በክርስቲያኖች መቃብር አሳረፍንህ። አርካዊት ሰፈር የሚኖሩ አንድ ቄስ ለምኜ ፍትሐትህን አደረሱልህ፤ ዓም ዑስማንም ጫማቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ቆሙ። ማተብህን ከነመስቀልህ መልሼ አንገትህ ላይ አኖርኩት። ዶክተሩ መኪናዋን ለብረት ለቃሚ ስጡት ብለዋል። ከመውጣቴ በፊት በተቀደደው ጣሪያ በኩል እጄን አስገብቼ መሪዋን ዳበስኩት፤ ጣውንቴ አላልኳትም።

ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ አንተ ሞተሯን በምታስነሣበት ሰዓት፣ ስምህን ጠርቼ አንድ ሰው አበላለሁ። ይህን ቃሌን አደራ በለው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ። የሚከፍተው ነገር የለውም። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሱዳናዊት አይታው ይህ ምንድን ነው አለችኝ። የሃይማኖታችን ነው አልኳት።

ያንተው ዘኒ