ድምፄ ብቻውን ሄዶ ያረዳው መርዶ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ደም ግፊትዎ የተስተካከለ፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ የሚያድር እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ከሁሉ አስበልጬ የምመኝልዎ ግን ዛሬ ቤትዎ ስልክ እንዳይጠራ ነው፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ።

ሀኒፋ አብደላ እባላለሁ፤ የሀና ማርያም ነዋሪ ነኝ። በሆስፒታልዎ የስልክ ክፍል ለዘጠኝ ዓመታት ታካሚና አስታማሚ ሳስተናግድ ቆይቼ ባለፈው ክረምት የተሰናበትኩ ሠራተኛ ነኝ። መልኬን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ድምፄን ግን እርስዎ ራስዎ ወደ ሆስፒታሉ በደወሉ ቁጥር ይሰሙታል፤ ያሰናበቱት እኔን እንጂ እሱን አይደለምና። የሆስፒታሉን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ፈርቼ እንዳይመስልዎ። የሰው ነገር ሳይታሰብበት ሲነገር ምን እንደሚያደርስ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋናዬን ላቅርብ። ከመሰናበቴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የክፍላችን ኃላፊ ጠርተው፣ ድምፅሽ ለስላሳ ስለሆነ ለአዲስ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ይቀረጻል አሉኝ። መስኮት በሌላት፣ ግድግዳዋ ስፖንጅ በለበሰ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ለአንድ ሳምንት ዓረፍተ ነገር ሳነብ ሰነበትኩ። ፈገግታ በስልክ ይሰማል፣ ፈገግ እያልሽ አንብቢ ተባልኩና ጉንጬ እስኪዝል ፈገግ አልኩ። የታሸገ ውሃ ቀረበልኝ፣ በመጨረሻም በሆስፒታሉ አርማ ያጌጠ ጃንጥላ ተሸለምኩ። ሠልጣኞቹ መቼ ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ የመጣው አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም ምሳ የማይወጣ፣ ለወሊድ የማያርፍ፣ ታክሲ ጠፋ ብሎ የማያረፍድ፣ በእኔው ድምፅ የሚናገር ማሽን ነበር። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው አሉን። የስልክ ክፍሉ ሠራተኞች በአንድ ከሰዓት በኋላ ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን።

ስለ ሥራዬ ላልቅስ አለመጻፌን ይወቁልኝ። ለእሱ ቤቴ ቁጭ ብዬ አልቅሼለታለሁ። የጻፍኩት እኔ ከወጣሁ በኋላ ድምፄ ስለሠራው ሥራ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ውሸቴ።

በሥራ ላይ ሳለሁ በየግምገማው ‹የተሳሳተ መረጃ ትሰጣለች› ተብሎ ነጥብ ይቀነስብኝ ነበር፤ ትክክልም ነበር። ታካሚ አርፎ ቤቱ ስደውል ሚስት ስልኩን ካነሳች፣ ወንድም ካለ አቅርቡልኝ እል ነበር። ወንድም ከሌለ ጎረቤት እጠይቅ ነበር። ማንም ከሌለ ደግሞ ትንሽ ደክመዋል፣ ሰው ይዘው ብቅ ይበሉ እል ነበር። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንለው፤ ያስተማረንም ሰው የለም። መርዶ በአገራችን ዘመድ ተጠራርቶ፣ ጎረቤት ተሰባስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ የምትወድቀዋን የሚይዝ ሰው አጠገቧ ቆሞ የሚነገር ነገር መሆኑን እርስዎም እናትዎ ቤት ያደጉ ስለሆኑ አያጡትም። ማሽንዎ ግን እውነተኛ ነው። ውሸቴን ከድምፄ ላይ አንድ በአንድ ለቅመው በማውጣትዎ ልፋትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጋሽ በንቲ።

ጋሽ በንቲ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበሩ። ሀና ማርያም የእርሻ ማሳ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ በአባቶቻቸው መሬት ላይ የኖሩ፣ መሬቱ ከሄደም በኋላ ጥቂት ላሞች አስቀርተው ለሰፈሩ ወተት የሚያዳርሱ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ደራርቱ ለእኔ ጎረቤት ብቻ አይደሉም። ስወልድ ገንፎ አገንፍተው አራስ ቤቴ የከረሙ፣ በረመዳን ለማፍጠሪያዬ ወተት ሳይልኩ የማይቀመጡ ናቸው። እናቴ ቡታጅራ ስለሆነች፣ እዚህ ሆድ የሚብሰኝ ቀን የምሮጠው ወደ እሳቸው ነው።

ጋሽ በንቲ ልባቸውን ታመው እርስዎ ዘንድ ተኙ። ወንድማቸው ጋሽ ኢሉ ሲያስታምሙ ሰንብተው፣ ያን ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ የታጣ መድኃኒት ፍለጋ እንደወጡ ጋሽ በንቲ አረፉ። ሐኪሞቹን አልወቅስም፣ የአቅማቸውን አድርገዋል። ማረፋቸው ኮምፒውተር ላይ ሲመዘገብ ማሽንዎ ቅጽበት ሳያባክን ባገኘው ቁጥር ደወለ። ቁጥሩ የእትዬ ደራርቱ ነበር። እሳቸውም በረት ውስጥ ብቻቸውን ለላሞቹ ፉርሽካ እየበጠበጡ ነበር።

የሆነውን እትዬ ደራርቱ ለጋሽ ኢሉ እንደነገሯቸው እጽፍልዎታለሁ። በእኔ ድምፅና በዚያ በከፈሉበት ፈገግታ፣ እንደምን ዋሉ ብሎ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ታካሚ በንቲ ሕይወታቸው ማለፉን በአክብሮት እንደሚገልጽ ነገራቸው። እትዬ ደራርቱ ‹ሀኒፋ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?› ብለው ጠየቁ። ይቅርታ አልሰማሁዎትም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ አልኳቸው። ምን ነካሽ ሀኒፋ፣ ምን እያልሽኝ ነው ብለው ጮኹ። አስከሬን ለመረከብ አንድን፣ ስለ ሂሳብ ለመጠየቅ ሁለትን ይጫኑ አልኳቸው። ቀጥዬም በአገልግሎታችን ምን ያህል እንደረኩ በቁጥር እንዲገልጹልኝ ጠየቅኳቸው። አልኳቸው የምለው ማሽኑ ያለውን ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እኔም ራሴ መለየት እያቃተኝ ነው።

እኔ በዚያ ሰዓት ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ሮጥኩ። እትዬ ደራርቱ በረቱ ውስጥ በክንዳቸው ላይ ወድቀው፣ ፉርሽካው ተደፍቶባቸው አገኘኋቸው። እትዬ ምን ሆኑ፣ ምን ሆኑብኝ እያልኩ ላነሳቸው ጎንበስ ስል በደህናው እጃቸው ጆሯቸውን ያዙና ‹ውጪልኝ!› አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ምነው ሸዋ! ይህን ያህል ምን አደረግኩዎ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጨዋነቴ አንዳንድ ጊዜ ያመልጠኛል።

ሦስተኛ፤ ስለ ለቅሶው።

ድንኳኑ ሳይተከል ሀኒፋ በስልክ አረዳቻት የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳርሶ ጨርሶ ነበር። ወላሂ ማሽን ነው ብዬ ብምል ብገዘት የሚሰማኝ ጠፋ። እንደ ወጉ ከሴቶቹ ጋር ገብቼ ልሥራ ብል ሽንኩርት የሚያቀብለኝ እንኳ አላገኘሁም፤ ቢላዋውን ሳነሳ ተይው እኛ እንሠራዋለን ይሉኛል። ከእድሩ ሴቶች አንዷ፣ ቡዜ የምትባል፣ ከሥራ ቢያስወጡሽ ቂምሽን በታመመ ሰው ቤት ትወጪያለሽ ወይ ብላ ፊት ለፊት ተናገረችኝ።

ያዳነችኝ የጋሽ በንቲ ልጅ ሴና ናት። ሰው ሁሉ ባለበት እኔን መሀል አቁማ፣ አፍሽን ግጠሚ አለችኝና ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። እኔ ከንፈሬን ገጥሜ ቆሜ ሳለሁ ከስልኩ ውስጥ ‹ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎ?› ስል ተሰማሁ። ሴቶቹ አንዴ ስልኩን አንዴ ከንፈሬን ያያሉ። ቡዜ አማተበች። ቀጥላም መጥታ ጉልበቴ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት፤ አብረን ተላቀስን። ስሜን በማጽዳት ረገድ ማሽንዎ ስላደረገልኝ ትብብር በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ሮጬ ወደ እትዬ ደራርቱ ሄድኩ። ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አፌን ልከፍት ስል እጄን ያዙና፣ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቄያለሁ፣ ልብሽን አውቀዋለሁ፣ ብቻ እባክሽ አትናገሪ አሉኝ። አልቀየሙኝም። ድምፄ ሲመጣባቸው ያ ሰዓት ተመልሶ ይመጣባቸዋል፣ በቃ። ለቀስተኛ ሁሉ እየገባ እግዜር ያጽናሽ ሲላቸው እኔ ትከሻቸውን ዳብሼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። የወለድኩ ቀን እጄን ይዘው ያደሩ ሴት ባላቸው ሞቶ፣ አይዞዎት ማለት አልቻልኩም። ክቡርነትዎ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡልኝ።

አራተኛ፤ ስለ ጄሶው።

እትዬ ደራርቱ የወደቁ ቀን ለክንዳቸው የታከሙት ቅርብ ስለሆነ እዚያው እርስዎ ዘንድ ነው። ስለዚህ ማሽንዎ በጎ አሳቢ ሆኖ የጄሶ ቀጠሯቸውን ለማስታወስ በየሳምንቱ ይደውልላቸዋል። በየሳምንቱ እንደምን ዋሉ ይላቸዋል። ቀስ በቀስ ይረሱታል፣ ጊዜ ይወስዳል እያልኩ አጥር ለአጥር በዓይን ሰላምታ ስንጀምር፣ ስልኩ ይጠራና ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ሴና ቁጥሩን ዘግታዋለች፤ እሱም አዋቂ ነውና በሌላ ቁጥር ደወለ። መካኒሳ አቦ ያለችው የአጎቴ ልጅ ሚስት ሳትቀር፣ ለሰላምታ ስደውልላት ገና ሀሎ ስል ማን ሞተ ትለኛለች።

አምስተኛ፤ ስለ እንጀራዬ።

ነፋስ ስልክ አካባቢ ዕቃ በሞተር የሚያደርስ ድርጅት የስልክ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል አመለከትኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ለቃለ መጠይቅ ገብቼ ስሜን ስናገር ሦስቱ ጠያቂዎች ተያዩ። አንደኛው በትሕትና፣ ድምፅሽ የሆስፒታሉ ነው፣ ደንበኞቻችን ጫማ አዘው አንቺን ሲሰሙ ይደነግጣሉ ብሎ ሸኘኝ። ሥራዬን ለማሽን የሰጡብኝ ሳያንስ በሌላውም በር ላይ ማሽኑ ቀድሞኝ እንዲቆም አደረጉልኝ።

ይህን ሁሉ ይዤ የሕግ ክፍልዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የተቀበለኝ ወጣት እንደ እርስዎ ጨዋ ነው። ቀረጻው ሲጀመር ፈርመሻል፣ ድምፁ የተቋሙ ንብረት ነው አለኝ። ፈርሜያለሁ፣ አልክድም። አዲስ ሠራተኛ እንዲማርበት ነው የፈረምኩት። የባል መርዶ እንዲያረዱበት መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ጉሮሮዬን ይዤ ወደ ቤት እንድሄድ ስለፈቀደልኝ አላህ ይስጠው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ድምፄን ከማሽኑ ላይ ያውጡልኝ። ሥራዬን ይመልሱልኝ አላልኩም፣ ካሣም አልጠየቅኩም። ሌላ ድምፅ ያስገቡበት፤ የራስዎ ድምፅ ግርማ ሞገስ እንዳለው በየዓመት በዓሉ ስለሰማሁ እሱም ይሆናል። የጋሽ በንቲ አርባ እየደረሰ ነው። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ንግግሩን ጨርሶ ሲሄድ እትዬ ደራርቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ማሽንዎ በእኔ ድምፅ እየደወለ ሳለ ይህ አይሆንልኝም። ቀኑ ሳይደርስ እንዲፈጽሙልኝ እየለመንኩ ያለሁት በጨዋ ደንብ መሆኑን ይመዝግቡልኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ለጨዋነቴ ዋስ አልሆንም።

ለሰጡኝ ጃንጥላ፣ ላጠጡኝ ውሃና ላስተማሩኝ ፈገግታ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ በመርዶም ቀን አጠገብዎ የሚቆም ሰው እንዳያሳጣዎ እመኛለሁ።

ከሥራ ተሰናብታ ያለ ደመወዝ ሌት ተቀን በማገልገል ላይ የምትገኝ አገልጋይዎ፣
ሀኒፋ አብደላ
ከሀና ማርያም

ግልባጭ፦
ለሰፈራችን እድር
ለድምፄ፣ ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ልልክ ስል ከቢሮዎ ስልክ ተደወለልኝ፤ የደወለው ማሽን ሳይሆን የእናት ልጅ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። ለሕግ ክፍሉ ያቀረብኩት ቅሬታ በበላይ አካል ታይቶ መፍትሔ ተገኝቶለታል አለኝ። መፍትሔውም ማሽኑ መርዶ ሲናገር ፈገግታው ስላልተስማማ፣ ለሁለት ቀን መጥቼ በሐዘን ድምፅ እንድቀረጽ ነው፤ ክፍያውም ደህና ነው ተብያለሁ። አልዋሽዎትም፣ ለአፍታ የቤት ኪራዬን አሰብኩ። የሐዘን ድምፅማ አለኝ። የእትዬ ደራርቱ ነው፤ ጋሽ በንቲ ካረፉ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ቁጭ ብሎ እሳቸውን እየጠበቀ ነው። እሳቸው ሳይሰሙት ለማንም አላሰማም።