በጎቹ ከታች፣ እኔ ከላይ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ኧረ የበግ ሽታ ምንም አይለኝም! ስንት ዘመን እነሱ ከታች፣ እኔ ከላይ ቆጡ ላይ ስንተኛ ኖረን የለ? የጣርማ በርን ብርድ የሚገፋልኝ የእነሱ ትንፋሽ ነው።

ልጄ ጌታቸው ግን ደጅ የቆርቆሮ በረት ሠራና ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ይደሩ አለ። የእሱ ልጅ ሰናይት ደግሞ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ መጥታ በስልኳ የአሜሪካን ገጠር አሳየችኝ። ጥንት ከጀርመን የሄዱ ገበሬዎች የሠሩት በረት ነው አለችኝ። ታቹ እንደኛው ቤት ድንጋይ ነው፣ ከብት ያድርበታል። ላዩ እንጨት ነው፣ ድርቆሽ ይከመርበታል። ወይ ስፋቱ! የኛን ቤተ ክርስቲያን ያስንቃል።

"ሰዎቹስ የት ነው የሚተኙት?" አልኳት።

"ማዶ፣ ሌላ ቤት። አየሽ እማማ፣ የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው።"

"ታዲያ ሌሊት ሲነቁ የማንን ትንፋሽ ነው የሚሰሙት?"

"የሚስታቸውን ነዋ!" ብላ ተንከተከተች። እኔም ሳቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ሄደች። ባሌ ካረፈ ወዲህ እኮ፣ ሌሊት ስነቃ በጎቹ ሲያመሰኩ ስሰማ ነው ቤቱ ሰው ያለበት የሚመስለኝ። ይህን ለጌታቸው ብነግረው እናቴ ጃጀች ይላል። ያረገዘችውን በግ ብቻ ላስቀር ብለው ምን ይለኝ ይሆን? ብርዱ ይጎዳታል እለዋለሁ። ስለ ራሴ ምንም...

በጎቼን ከራሷ ጋር ከግጦሽ የምትመልስልኝ ጎረቤቴ አስካለ ከበር ትጣራለች።

"እትዬ ዘነበች! በጎቹ መጥተዋል፣ ወዴት ላስገባቸው?"