ጠጠር የሌለው አፈር

ይድረስ ለማትረሳኝ አባቴ፣

ነሐሴ ሲመጣ ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ልጅ ሳለሁ ለወንድምህ ደብዳቤ ስታስጽፈኝ፣ ወባ እያንቀጠቀጠህ እንኳ «እኛ ለጤናችን ደህና ነን ብለሽ ጀምሪ» ትለኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ ብዬ አልጀምርም። እኛ ደህና አይደለንም አባዬ። ከእንግዲህ አንተን የሚያስደነግጥህ ነገር የለምና እውነት እውነቱን እጽፍልሃለሁ።

የምጽፍልህ ቤታችን ደጃፍ ላይ፣ ከጣራው ከተረፈው እንጨት ላይ ተቀምጬ ነው። ቤቱ ታድሷል። ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እስከ አስፋልቱ ድረስ ያብረቀርቃል ይላሉ። የፈረሰው ጥግ ቆሟል። እማዬም ውስጥ ናት። «እማዬ ቤቷ ገባች» ብዬ ልጽፍልህ ስመኝ ነው የከረምኩት። ይኸው ጻፍኩት፤ ደስታው ግን የለም።

አንተ የማታውቀውን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ያን ዕለት ተኩሱ ሲቀርብ እኔና እማዬ ከጎረቤታችን ከአያ ሰይድ ቤተሰብ ጋር ወደ ሸለቆው ወረድን። አንተ ላሚቱ ምጥ ላይ ናት፣ ጥያት አልሄድም ብለህ ቀረህ። ለክረምት ዕረፍት ከወልድያ መጥቼ ነበርና እጅህን ይዤ ጎትቼሃለሁ፤ «አንቺ ይህን ሁሉ ቀለም ቆጥረሽ አሁንም ፈሪ ነሽ» ብለህ ሳቅክብኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ከየት እንደተተኮሰ፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ እስካሁን አናውቅም። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ስንመለስ የቤቱ አንድ ጥግ ተደርምሷል፤ ቆርቆሮው ተጨማድዶ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። አንተ በረቱ በር ላይ ነበርክ። ላሚቱም ከጎንህ ሞታለች። ጥጃዋ ብቻ ገና ሳትደርቅ በእግሯ ቆማ ታየናለች። ለላም ብሎ የሚሞት ሰው አለ? በዚህ ነገር ዛሬም ተናድጄብሃለሁ፤ ሞቷል ብዬም አልተውልህም።

ቤተ ክርስቲያን ወስደን እንዳንቀብርህ አስፋልቱን መሻገር አይቻልም። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ እድርተኛ የለ። አያ ሰይድ ዶማውን ይዞ መጣና ጓሮ፣ በብርቱካኑና በበረቱ መካከል ቆፈረልህ። እማዬ በጋቢህ ጠቀለለችህ። አፈር ልንመልስብህ ስንል ግን እጇን ዘርግታ ከለከለችን። ከተከመረው አፈር አጠገብ ቁጭ ብላ ድንጋዩን መልቀም ጀመረች። ምስር ስትለቅም እንደምታውቃት ነው፤ በዝምታ፣ አንዲት ሳታስቀር። «ይጎረብጠዋል» አለች። አያ ሰይድ «እታለም ፍጠኝ በአላህ፣ ሰው ይመጣብናል» እያለ ይለምናታል፤ እሷ ጠጠሩን ሳይቀር በጣቷ እየፈለገች ወደኋላዋ ትወረውራለች። ለቅማ ስትጨርስ ነው «አሁን መልሱ» ያለችን። ጉብታ እንኳ አላበጀንልህም። አዲስ የተቆፈረ መሬት ያየ ሰው መሣሪያ ቀብረዋል ብሎ እንዳያወጣህ ፈርተን፣ መሬቱን ደልድለን ቅጠል በተንንበት።

ሲረጋጋ፣ በጥር፣ አውጥተን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድንህ፤ ፍትሐትህም ደረሰ። የቄሱ ድምፅ ጎርንኖ ነበር። በዚያ ሰሞን እንዳንተ ከየጓሮው የሚወጣው ብዙ ነበርና ሲያዜሙ ነው የሚውሉት። ከዚያ መልስ እማዬ ጉድጓዱን በዚያው አፈር ሞላችው። ስለዚያች ቦታ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ማንም አንሥቶ አያውቅም።

እሷን ወልድያ ወደ ተከራየሁት ክፍል ወሰድኳት። ባሰባት። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ባጃጅ ሲመላለስ ታያለች። ምግቧ አነሰ፣ ወሬዋ ጠፋ፤ ሲመሽ ብቻ «ቤቱን ማን ዘጋው?» ትለኛለች። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ ምንም የለባትም አሉኝ። አንድ ጊዜ ይዣት መጣሁ። አጥር በሩ ላይ ቆማ በጣራው ቀዳዳ ሰማዩን አየችና ዞራ ተመለሰች። ሚኒባስ ውስጥ «ቤት ቢሆን እገባ ነበር» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቤቱን ካቆምኩት እናቴ ትተርፍልኛለች አልኩ። በሬዎችህን ሸጥኩ። ብትቆጣም ተቆጣ፤ የሚጠምዳቸው አልነበረም።

ይህ ቤት መጀመሪያ ሲሠራ ትዝ ይልሃል? አገሩ በደቦ ወጥቶ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ሲረግጥ፣ አንተ በዚያ በማይረባ ድምፅህ አምባሰል ታወጣለህ፤ ጭድ የሚያቀብሉት ሴቶች በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔን ብብቴን ይዘህ ጭቃው መሐል አቆምከኝና «ርገጪ፣ ቤትሽ ነው» አልከኝ። የእግሬን ጣቶች የነካኝ ቅዝቃዜ እስካሁን አለ። ጭቃ ከጭድ ጋር ካልከረመ፣ ካልሸተተ፣ ግድግዳ ላይ ይሰነጠቃል ብለህም ስንት ቀን አስጠበቅከን። እማዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ ከዚህስ ዋሻ በስንት ጣዕሙ እያለች ታጉረመርም ነበር።

ዘንድሮ ለደቦ የሚወጣ ሰው የለም። ጎረምሳው ወይ ዘምቷል፣ ወይ ሞቷል፣ ወይ በየከተማው ተበትኗል። የቀረውም የራሱ ጣራ ወርዶበታል። ስለዚህ በቅጥር አሠራሁት። አንተን አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ቤትህን የሠሩልህ።

አናጢው መኮንን ይባላል፣ የመርሳ ሰው ነው። ወሬኛ ነው፤ ሚስማር በጥርሱ ነክሶ እንኳ ያወራል። ለምሳ ሽሮ ሲቀርብ ፊቱ ይጠቁራል፤ ግን በልቶ ይጨርሰዋል። ጭቃውን የሚሠሩት ከሐራ በኩል የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከሰላምታ በቀር አይናገሩም። መኮንን ሬዲዮኑን ማገር ላይ ሰቅሎ ይሠራል፤ የቆቦ ስም በተነሣ ቁጥር መዶሻውን ያቆማል። ጦርነቱ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። ጎረቤቱ በአጥር ብቅ እያለ «በዚህ ጊዜ ደግሞ ማን ቆርቆሮ ይመታል?» ይለኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም ሚስማር በተመታ ቁጥር፣ ለማን ነው የምሠራው እላለሁ። መልሱ እማዬ ብቻ ነበረች።

እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተምር ስለነበር ቅዳሜ ጠዋት ነበር በሚኒባስ የምመጣው። ጣራው ሲያልቅ መኮንን ለምርጊቱ አፈር ከየት እንቁፈር አለኝ። የብርቱካኑን ሥር እንዳትቆርጡብኝ እንጂ ከጓሮ የፈለጋችሁትን ቁፈሩ አልኩት። ስለዚያች ቦታ ለአናጢ ምን ብዬ ላንሣ? አንተ ከእሷ ወጥተሃል፤ ባዶ መሬት ናት አልኩ።

በሌላው ሳምንት ስመጣ የከረመው ጭቃ ሽታ ከአጥሩ ውጭ ተቀበለኝ። አንተ ትዝ አልከኝና ደስ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። የፈረሰው ጥግና የመኝታው ግድግዳ ተመርጎ አልቋል። ለስላሳ ነው፤ አንድ ስንጥቅ የለውም። መኮንን ደረቱን ነፍቶ እንዲህ ያለ አፈር በሀብሩ ወረዳ አይቼ አላውቅም አለኝ። ጓሮው ሁሉ ድንጋይ ነው፣ ዶማ ያስለቅሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ዶማው ዝም ብሎ ይሰጥማል፣ ለመድኃኒት የሚሆን ጠጠር የለበትም፣ ሰው ለቅሞ ያስቀመጠው ነው የሚመስለው አለ።

ሄጄ አየሁ። በብርቱካኑና በበረቱ መካከል ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

ምን እንዳልኳቸው አላውቅም፤ ጮኼያለሁ። ነገሩን የነገራቸው ጩኸቴን ሰምቶ እየሮጠ የመጣው አያ ሰይድ ነው። መኮንን ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። ከወንድማማቾቹ ታናሽየው ወደ እግሩ አየ፤ በዚያ እግሩ ነበር ሲረግጥ የሰነበተው። ቁጭ አለና ከጣቶቹ መሐል የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ እየፋቀ፣ የሚጥልበት ቦታ አጥቶ በመዳፉ ያዘው። መኮንን ሁሉን አፍርሰን ከወንዝ ሌላ አፈር አምጥተን ያለዋጋ እንመርገዋለን አለኝ። ያ ሁሉ ወሬው የት እንደገባ እንጃ፣ ይህን እንኳ በግድ ነው ያወጣው።

ቄሱን ጠየቅኩ። እሱ በቅዱስ ቦታ አርፏል፣ ይህ አፈር ነው፣ አትጨነቂ አሉኝ። እንዴት አፈር ብቻ ይሆናል? የጋቢህ ክር እዚያ ውስጥ በስብሷል። ደምህ እዚያ ቀርቷል። በጥር ካወጡህ እጆች አንዱ የእኔ ነው፤ ሁሉንም እንዳላወጣን አውቃለሁ። አፍርሱት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፈርሶ የት እንደሚደፋ አላውቅም። ተዉት እንዳልል እማዬ አለች። ይህን ሰምታ ደግማ ወደዚህ ግቢ ካልመጣች፣ በዚያ ዱካ ላይ እንደተቀመጠች ታልቅብኛለች። አያ ሰይድ «የባልዋ ነገር ነው፣ እሷ ትወስን» አለኝ። በማግስቱ ሄጄ አመጣኋት። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ሳወጣ ሳወርድ ሲሪንቃን አለፍን፣ መርሳ ወርደን ባጃጅ ያዝን።

መናገርም አላስፈለገኝ። ከባጃጁ ወርዳ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች፣ ጉድጓዱን አየች፣ ከዚያ ዞራ ቤቱን አየችው። ሠራተኞቹ አጥር ጥግ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ወደ ግድግዳው ቀርባ መዳፏን አሳረፈችበት፤ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር። ከጥጉ እስከ በሩ በጣቶቿ እየዳበሰች ቀስ ብላ ሄደች፤ ያን ቀን አፈሩን እንደዳበሰችው። «ጠጠር የለውም» አለች። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች።

እኔ ሞኟ፣ ተረፈችልኝ ብዬ በደስታ አለቀስኩ። መኮንንም ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ሳምንታት አልፈዋል፤ ትምህርት ተዘግቶ እኔም እዚሁ ነኝ፤ እሷ አልወጣችም። አልጋዋን ከዚያ ግድግዳ አስጠግታ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች። ኖራ እንቀባው ቢሏት አትንኩት አለች። ወልድያ ሳለች የምትቀማምሳትን ያቺን ጥቂት ምግብ እንኳ እዚህ ተወቻት። ወሬዋ ግን ተመልሷል፤ ከእኔ ጋር አይደለም እንጂ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራህ እንደኖረችው በአንቱታ ታወራሃለች። «ጥጃዋን የሰይድ ሚስት አሳድጋልናለች፣ ቢያዩዋት እናቷን ነው የምትመስለው» ትልሃለች። እኔ ምግብ ይዤ ስገባ ዝም ትላለች፤ እንግዳ የመጣባት ይመስል። ቤቱን ያቆምኩት እንድትኖርበት ነበር አባዬ። እሷ የገባችው ግን ወደ አንተ ነው። በየቀኑ እየቀለለች ስትሄድ አያለሁ፤ የማደርገው ጠፍቶኛል።

የምትሰማት ከሆነ ብይ በላት። የእኔን ቃል አትሰማም፤ የአንተን እምቢ ብላ አታውቅም። ጦርነቱ ተመልሶ ከመጣም ተነሺ፣ ከልጅሽ ጋር ውረጂ በላት። ትናንት እንደዚያ ቀን እጇን ይዤ ለሙከራ ጎተትኳት፤ እንዳንተ ሳቀችብኝ። ሁለታችሁንም መጎተት አልቻልኩም።

ክረምቱ እየገባ ነው። አዲሱ ቆርቆሮ አያፈስም፤ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ግን ግድግዳውን በጎን ያጥበዋል። ጭቃ ቤት መቼም በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በመስከረም ከግድግዳው ሥር የወረደውን አፈር አንድም ሳላስቀር እሰበስበዋለሁ። ጠጠር ገብቶበት እንደሆን ቁጭ ብዬ እለቅመዋለሁ፤ እማዬ ካለች ከእሷ ጋር፣ ከሌለች ብቻዬን። ጭድ ጨምሬ፣ እስኪሸት አክርሜ፣ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ቅጥረኛ አላስነካውም። ርገጪ፣ ቤትሽ ነው ብለኸኝ ነበር። አልረግጠውም አባዬ፤ በእጄ ነው የማቦካው።

ልጅህ እታገኝ