የኬዙ የፊት ገመዶች

ሰኞ፣ ኅዳር 22፣ ከሰዓት 9:00

የምሳ ዕቃ ታጥቧል። ለማታ ሩዝ ተለቅሟል። መዳም ሐዋ ጋደም ብለዋል። (ከዚህ በኋላ «መ.» ብቻ እያልኩ ነው የምጽፍልህ ማስታወሻዬ፤ እጄ ደክሟል።)

አሮጌው ኮምፒውተራቸው ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። የበተንኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኛል፣ ከአንተ አልደብቅም። ከአገሬ ወጥቼ ጋቦዴ ሰፈር እዚህ ቤት ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። እጄ ከመጥረጊያና ከድስት ሌላ ነገር ሲይዝ ዛሬ የመጀመሪያው።

ባለፈው ሳምንት ነው የነገርኳቸው። ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳው፣ ሞቷል ተብሎ ኮምፒውተሩ ሊጣል ሲል፣ ድሬዳዋ ቴክኒክና ሙያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ተምሬያለሁ አልኩ። መ. መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አንቺ ሰኒ? እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አሉ። አማርኛቸው ልጅ ሆነው ድሬ የለቀሙት ነው። የጠየቀኝ የለም ልል ፈልጌ ተውኩት።

ሌላ ቦርድ ካርቲየ ዱ ሰፈር ካለው ከጠጋኙ ከዩሱፍ ሱቅ ገዛን። ያገለገለ፣ የሌላ ፋብሪካ ሥሪት። ዩሱፍ ኬዙን፣ የኮምፒውተሩን ቀፎ፣ አምጡትና እኔው ልግጠምላችሁ ብሎ ነበር። እችላለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።

ችግር፦ ከኬዙ ፊት የሚመጡት ገመዶች፣ የማብሪያውም የመብራቶቹም፣ አንድ ሶኬት ውስጥ ተጠቃለው ነው የተሠሩት። አዲሱ ቦርድ ላይ የፒኖቹ፣ የደቃቅ እሾሆቹ፣ ቅደም ተከተል ሌላ ነው። ሶኬቱ እንዳለ አይገባም። ነገ።

ማክ.፣ ኅዳር 23፣ ጠዋት 4:30

በራ።

ቦርዱ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልኬ መብራት አነበብኩ። ገመዶቹን ከማብሪያው ጀምሬ በጣቴ ተከተልኳቸው። ሁለቱን ከሶኬቱ በመርፌ አወጣሁና ቦታቸው ላይ ሰካሁ። ስጫነው ማራገቢያው ዞረ።

መ. ወዲያው ማርሴይ ላለችው ልጃቸው ደወሉ። በሶማልኛ፣ የቤታችን ልጅ መሐንዲስ ናት አሏት። ሰማሁ። ያልሰማሁ መስዬ ካቻቢቴውን ጠረግኩ።

አንድ ነገር ቀረ። ከፊት ያለው የፍላሽ መሰኪያ። የራሱ ገመድ አለው፤ እሱም ለአሮጌው ቦርድ የተሠራ። የትኛው ገመድ የቱ ፒን ላይ እንደሚገባ የሚናገር ወረቀት የለም። አስተማሪያችን፣ ካላወቃችሁት ባዶውን ተዉት፣ ከኋላ ሌላ አለ ይል ነበር። አስታወስኩት። መ. ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደ ኋላ ማጎንበስ አይችሉም አልኩ ለራሴ። እውነቱ እሱ አይደለም። ከበላዬ ቆመው እያዩኝ ነበር። ይኼን አላውቀውም ማለት አቃተኝ።

ገመትኩ።

ማክ.፣ ከሰዓት 10:00

መ. ፍላሽ አመጡ። ከወርቃቸው ሳጥን ውስጥ። ባላቸው ሐጂ ዓሊ ከመሞታቸው በፊት፣ ታመው በተኙባቸው ወራት፣ ሕይወታቸውን በድምፅ ተርከው ለልጃቸው ፍላሹ ላይ ቀድተዋል። ያለው ይኼ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ሳይገለበጥ ኮምፒውተሩ ሞተ። ቶሎ እንዲሠራ የፈለጉት ለካ ለዚህ ነበር። እኔ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

በራሳቸው እጅ ከፊት ሰኩት። የፍላሹ መብራት አልበራም። ሽታ መጣ። ስነቅለው ጣቴን ፈጀኝ።

ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ልብ በል ማስታወሻዬ፣ ቆይቶ አይደለም። ያን ጊዜውኑ።

ፍላሹ አርጅቶ ይሆናል አልኩ። ደግመው ሲጠይቁኝ፣ ምናልባት ቦርዱ ነው፣ ያገለገለ ዕቃ አይታመንም አልኩ። ከአፌ እንዴት ቀልጥፎ እንደወጣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24፣ ከሰዓት

መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ጠዋት መ. ዩሱፍ ጋ እንሂድ አሉ። እሳቸው ሲለባብሱ የፊቱን የፍላሽ ገመድ ከቦርዱ ነቀልኩና ኬዙን መልሼ ገጠምኩት። ማንም ቢከፍተው እንዳያይ። ይኼንን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጽፌዋለሁ።

ሱቁ ሰው ነበረበት፤ ሦስት አራት ደንበኛ። መ. ሌባ አሉት። የበሰበሰ ዕቃ ሸጠህ የባሌን ድምፅ አቃጠልክ አሉት። ሶማልኛው አላመለጠኝም፣ ምነው ባመለጠኝ። ዩሱፍ አልጮኸም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፣ የፊት ገመዶቹን ማን ነው ያያያዘው?

«ሰኒ ናት። የተማረች ናት» አሉ መ.፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው።

አየኝ። ረጅም አስተያየት። እኔ የተሰቀሉትን ቻርጀሮች ማየት ጀመርኩ። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረም። ሌላ ቦርድ ልስጣችሁ አለ። መ. አልፈልግም ብለው ወጡ። አንዱ ደንበኛ ሊያሠራው ያስቀመጠውን ስልክ ከጠረጴዛው አንስቶ ከኋላችን ወጣ።

ታክሲ ውስጥ መ. አለቀሱ። እጄን ይዘው። ይኼንኑ እጄን።

ዓርብ፣ ኅዳር 26፣ ከሰዓት 11:00

የዕረፍት ቀኔ። ሐሙስ ምንም አልጻፍኩልህም፤ ስዋሽ ነው የዋልኩት፣ ዝም በማለት።

ፍላሹን መ. ጥለውት ነበር። ከቆሻሻው አውጥቼ ደብቄዋለሁ። ከስግደት በኋላ ዩሱፍ ሱቁን ሲከፍት በር ላይ ቆሜ አገኘኝ። አማርኛ ከአገራችን የከባድ መኪና ሾፌሮች ተምሯል። ነገርኩት። መገመቴን፣ መዋሸቴን፣ ገመዱን መንቀሌንም።

ተቀመጪ አለኝ። ፍላሹን ከፍቶ በማጉሊያ አሳየኝ። አንዱ ትንሽ ቁራጭ ተቃጥሏል፤ ድምፁ ያለበት ሌላው ደግሞ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። ኃይሉ በማይገባበት ገባ አለ። እዚህ አይደለም የትም ብትወስጂው አይመለስም አለ። ሳይፈርድብኝ ነው ያለው፤ ሐኪም ለዘመድ እንደሚናገረው።

ረቡዕ ለምን ዝም አልክ አልኩት።

«ብናገር ያን ቀን ከቤት ትወጪያለሽ። መግቢያ አለሽ?»

የለኝም። ዋራበሌ ሰፈር አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ እሷም ከሌሎች ጋር ተጣብባ ነው የምታድረው።

ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ስወጣ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27፣ ጠዋት 3:00

ነገርኳቸው። ቁርስ ላይ። ቆሜ።

ዳቦውን አስቀመጡ። መቼ ነው ያወቅሽው አሉ። ወዲያው አልኩ። ዩሱፍ ሱቅ ስንሄድ ታውቂ ነበር? አውቅ ነበር።

ከዚያ እኔን ሳያዩ፦

«ትናንት የዓሊን ድምፅ ላስታውስ ሞከርኩ። የመጣልኝ የሕመሙ ሳል ብቻ ነው።»

ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ። ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ። ሂጂ ግን አላሉኝም።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11:30

ምሳ አልበሉም። በር ላይ አስቀምጬው እንዳለ መለስኩት። ቅድም ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። ፍላሹ ተበላሽቷል ብቻ አሏት። ስሜን አላነሡም። ለእኔ አዝነው ይሁን፣ መሐንዲስ ናት ብለው በመናገራቸው አፍረው ይሁን አላውቅም። ሁለተኛው ከሆነ፣ የእኔን እፍረት እሳቸውም ተሸከሙት ማለት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 28፣ ጠዋት 4:00

መ. ጠሩኝ። ሰኒ አላሉኝም፣ ሰናይት አሉኝ። ቤቱን መልቀቅ የለብኝም። ኮምፒውተሩን ግን ከእንግዲህ እንዳልነካ አሉ። እሺ አልኩ።

ከዚያ ስለ ዩሱፍ አነሡ። ሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ፣ ዛሬ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አሉ። አንቺ ቤት ቆዪ።

ወጥ ቤት ገብቼ አሰብኩበት። እሳቸው የተናገሩት እኔ የሰጠኋቸውን ውሸት ነው። ይቅርታው የእሳቸው ብቻ ከሆነ፣ ረቡዕ ቻርጀር ሳይ እንደቆምኩት ዛሬም ቆምኩ ማለት ነው። ወሰንኩ። አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሱቁ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ሁሉም እንዲገባቸው በሶማልኛ ነው የምናገረው። ሦስት ቃል ናት፤ ዕቃ እያጠብኩ ስለማመዳት ነበር። አኒጋ አያ ጉበይ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።

መ. ሻሻቸውን አድርገው በሩን ከፍተዋል። መምጣቴን ገና አልነገርኳቸውም። እምቢ ቢሉኝም ከኋላ ከኋላቸው እሄዳለሁ።