ስለ መጋዙ መከለያና ቁጥር ስላልነበረው ማስጠንቀቂያ

ቦሌ ሚካኤል፣ ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማኅተምዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ እዚህ ሰፈር አምስት ሠራተኞች ያሉት የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ስሆን፣ አሠሪነትን ስላስተማሩኝ በይፋ ላመሰግንዎ ብዕር አንሥቻለሁ።

1ኛ. አናጢዬ ዘርትሁን ሥራ ያዘገያል እያለ የመጋዝ ማሽኑን መከለያ ይፈታ ነበር። ሦስት ጊዜ ተው ብዬው አልሰማ ሲለኝ ቢሮዎ መጣሁ። «በቃል የተሰጠ ማስጠንቀቂያ አይቆጠርም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ሄጄ ጻፍኩ።

2ኛ. ዘርትሁን ወረቀቱን አልቀበልም አለ። በማስታወቂያ ሰሌዳ እንድለጥፈው አዘዙኝ። ሰሌዳ ስላልነበረኝ ራሱን ዘርትሁንን አሠራሁት፤ መከለያውን ፈትቶ ስለሠራው በግማሽ ቀን አደረሰልኝ።

3ኛ. የለጠፍኩት ደብዳቤ ቁጥር ስለሌለው ውድቅ መሆኑን በገለጹልኝ ሳምንት፣ ማሽኑ እንጨት የምታቀብለዋን የሠራተኛዬን የወርቄን የቀኝ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቆረጠ። ወደ ክሊኒክ ስወስዳት በታክሲው ውስጥ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እትዬ ሰዓዲያ፣ ዘርትሁንን እንዳይቆጡት፤ ደንግጧል።»

እኔ ግን በዚያው ቀን አሰናበትኩት። ጽሕፈት ቤትዎም ከወትሮው እጅግ ፈጥኖ፣ ስንብቱ በቂ ማስጠንቀቂያ ያልቀደመው ነው በማለት ወደ ሥራው እንድመልሰው ወሰነ።

ዘርትሁን ውሳኔውን ይዞ ሲመጣ ወርቄ በግራ እጇ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልስ ነበር። ቆሞ አያት። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ማሽኑ አጠገብ ሁለተኛ አልቆምም፤ እሷ የምትሠራውን ስጡኝ» አለኝ። ሰጠሁት። አሁን እሱ ያለሰልሳል፣ እሷ ቫርኒሽ ትቀባለች፤ ብዙም አይነጋገሩም፣ ምሳ ግን አብረው ይበላሉ።

4ኛ. ትናንት ደግሞ ሠራተኛን ያለ ፈቃዱ ወደ ዝቅተኛ ሥራ አዛውረዋል የሚል መጥሪያ ደረሰኝ። ዘርትሁን እንዲህ ያለ አቤቱታ አላቀረብኩም ብሎኛል፤ በቃል ስለሆነ ግን እንዳልተናገረ ቆጥሬዋለሁ።

ለሠራተኞቼ ከእኔ አብልጠው ስለሚያስቡ፣ በሩቅ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ታዛዥዎ ሰዓዲያ ኢስሐቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቀጠሮው ቀን ወርቄን በምስክርነት ይዣት እመጣለሁ። ቅጽዎ ከምስክር የቀኝ አውራ ጣት አሻራ ይጠይቃል። እሷ ያላት የግራው ነው፤ ይህ ምስክርነቷን ውድቅ የሚያደርገው ከሆነ፣ በከንቱ እንዳትደክም አስቀድመው ያሳውቁን።